ፐብሊክ ስታቲክ ቮይድ አበል

«ፐብሊክ ስታቲክ ቮይድ ሜይን።»

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ወንድም፣ እህት ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ይህቺን ሐረግ አንድ ቀን ሳይሰማት አይቀርም። ጃቫ የሚማር ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይጽፋታል። «ስታቲክ ምንድነው? ቮይድስ?» ብሎ ሲጠይቅ «ለጊዜው ዝም ብለህ ጻፍ፣ ኋላ ይገባሃል» ይባላል። የቆሎ ተማሪም የሚጀምረው እንዲሁ ነው፤ ዳዊቱን በግዕዝ ይደግማል፣ ትርጉሙ ኋላ ይመጣል። ልዩነቱ፣ የቆሎ ተማሪ ከፊቱ ትርጓሜ ቤት የሚባል አለለት። የእኛ ፕሮግራመር ግን ከንባብ ቤት ሳይወጣ ይመረቃል፣ ከንባብ ቤት ሳይወጣ ይቀጠራል፣ ከዚያም የእኔንና የእናንተን ብር ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሚያዘዋውር ኮድ ይጽፋል።

የሚያስቀው፣ ሐረጓን የግድ ማለቱን ጃቫ ራሱ ትቶታል። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ጃቫ 25 ጀማሪውን ከዚህ ድግምት ነፃ አውጥቶታል፤ ክላስ ሳያውጅ «ቮይድ ሜይን» ብቻ ብሎ ሥራ መጀመር ይችላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ ጃቫም የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ነው። ወደዚህ ጉድ እመለስበታለሁ።)

«ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ስለ ጃቫ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ስለ ጃቫ ላያገባኝ ይችላል። ስለ ሥልጠና ግን በደንብ ያገባኛል፤ «ሥልጠናው ተጠናቀቀ» የሚል ዜና መጻፍ የሙያ አጋሮቼ የዕለት እንጀራ ነውና። ያንን ዜና በእንቅልፋችሁም ታውቁታላችሁ። የሠልጣኙ ቁጥር አለ፣ የከተማው ስም አለ፣ የክብር እንግዳው ከነማዕረጋቸው አሉ፣ «የአቅም ክፍተትን ይሞላል» የሚል አንቀጽ አለ። ሰዎቹ ምን ተማሩ? የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» እንኳ (ነፃ መሆኑ ደግ ነው፣ አልክድም) ከነስሙ ቁጥር ነው። እኛ ሥልጠናን የምንለካው እንደ ሠርግ ነው፦ ስንት ሰው መጣ?

አሁን ደግሞ አዲስ ዓይነት ሠርግ መጥቷል። «ዘመናዊ ጃቫ ለባለሙያዎች»። ወይ ቢሾፍቱ ነው፣ ወይ አዳማ። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ባነር ይሰቀላል፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ይታደላል። አሠልጣኙ መቶ ምናምን ስላይድ ይዞ ይመጣና ከጃቫ 8 እስከ ዛሬ የገባውን ሁሉ እንደ ምግብ ዝርዝር ያነበንባል፦ ላምዳ አለ፣ ስትሪም አለ፣ ሬከርድ አለ፣ ቨርቹዋል ትሬድ አለ። ሠልጣኙ ላፕቶፑን የሚከፍተው ፌስቡክ ለማየት ነው። ከፕሮግራሙ ሁሉ ሰዓቱን የሚያከብረው የቡና ዕረፍቱ ብቻ ነው። (ቋንቋው ስሙም ዓርማውም ቡና ስለሆነ ምናልባት ይህቺን እንደ ተግባር ልምምድ መቁጠር ይቻል ይሆናል።) በመጨረሻም ፎቶ፣ ሰርተፊኬት፣ አበል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ዓርብ የተዉት ኮድ እዚያው ነው፤ ማንም አልነካውም።

አበል አይከፈል አላልኩም። የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደሚገዛ አውቃለሁ። የምጣላው ዘመናዊነትን እንደ አዲስ ጫማ ከሚያዩት ጋር ነው፤ አምሮ ታየ፣ አለቀ። የጃቫ አዳዲስ ነገሮች ለማማር የመጡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከኋላቸው ሰዎች ለዓመታት ደጋግመው የሠሩት ስህተት አለ። ስህተቱን ሳታሳይ መድኃኒቱን ብታሳይ ማን ይውጠዋል?

የቀን ጉዳይን ልውሰድ። የጥንቱ የጃቫ የቀን አቆጣጠር ጃንዋሪን የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ዲሴምበር 11 ነው። ዓመቱን ደግሞ ከ1900 ይነሣል። በዚህ ላይ አንድ ጊዜ የተፈጠረ ቀን በሌላ ሰው እጅ ሊቀየር ይችላል፤ የብድር መመለሻ ቀናችሁን ለሌላ የኮድ ክፍል ስታውሱት ተለውጦ ሊመለስላችሁ ይችላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በማርች 2014 ከጃቫ 8 ጋር በመጣው አዲስ የቀን ጥቅል ተስተካከለ። ያ ጥቅል ከፈረንጁ ሌላ የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንን፣ የታይላንድ ቡድሂስቶችን አቆጣጠር ይዟል። የእኛን አልያዘም።

እዚህ ጋ ነው የእኛ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ የሚገባው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሁን የመሥሪያ ቤት ሲስተም፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ኮድ በእጁ ይጽፋል። እሱ ሲለቅ የተተካው ልጅም የራሱን ይጽፋል። «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ይጀምርና ሦስት ዓመት በሰላም ይኖራል። ከዚያ ዘመነ ሉቃስ ይመጣል። የ2015 ዓ.ም ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ የ2016 አዲስ ዓመት የዋለውም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ይህንን እያንዳንዷ እናት ታውቃለች፤ ኮዱ አያውቅም። ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን እሱ ዘንድ አልተፈጠረችም፤ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ።

የሚያናድደው መፍትሔው ድሮ የተሠራ መሆኑ ነው። ስሪ ተን ኤክስትራ የሚባል ነፃ ላይብረሪ አለ፤ ከአዲሱ የጃቫ የቀን ጥቅል ጋር ተስማምቶ የተሠራ፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነጳጉሜኗ የያዘ። ከእሱ በፊት የነበረው ጆዳ ታይምም ይዞት ነበር። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪም አለው። ፈረንጅ ቁጭ ብሎ ዘመነ ሉቃስን በኮድ ጽፎልናል፤ የእኛ አሠልጣኝ ስላይድ ላይ ግን ያለው ምሳሌ አሜሪካዊ ፒዛ የሚያዝበት ነው። እስቲ ማን ይሙት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ጃቫ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ የአንድ ሰዓት ትምህርት አለ?

ሁለተኛው የእኛው ጉዳይ ፊደል ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው። ይህም ሆኖ እስከ ጃቫ 17 ድረስ ፋይል ሲጻፍና ሲነበብ፣ ፕሮግራመሩ ካልነገረው በቀር ጃቫ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን የፊደል ሥርዓት ነበር። እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ ማለት ግዕዝ የማያውቅ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አበበ ፋይል ውስጥ ሲገባ ሦስት ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዷ ፊደል አንድ ጥያቄ ምልክት። ጥሬው ፊደል ጠፍቷል፤ ቢለምኑትም አይመለስም። የጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ስለነበር ችግሩን ሳያየው አስረክቧል። ማርች 2022 የወጣው ጃቫ 18 በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ዩቲኤፍ 8ን መነሻ አደረገው። ለአሜሪካዊ ፕሮግራመር ይህ የማያነበው የግርጌ ማስታወሻ ነው። ለእኛ የሰው ስም ነው። «ዘመናዊ ጃቫ» በሚሉት ሥልጠና ላይ ግን ስለዚህ የሚናገር የለም፤ ምክንያቱም ስላይዱ የተቀዳው ከአሜሪካዊው ነው።

ስለ ሬከርድ ብዙ አልልም። ሃምሳ መስመር ይወስድ የነበረ የመረጃ መያዣ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ከማርች 2021፣ ከጃቫ 16 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ጥሩ ነገር ነው።

ሲልድ ክላስና አዲሱ ስዊች ግን ልብ ይበሉልኝ። አንድ ባንክ የቁጠባና የተንቀሳቃሽ ሒሳብ ብቻ ነበረው እንበል። ኮዱ «ቁጠባ ከሆነ ይህን ወለድ አስላ፣ ተንቀሳቃሽ ከሆነ ያንን አድርግ፣ ሌላ ከሆነ እንደ ቁጠባ ቁጠረው» ይላል። ከዚያ ባንኩ ወለድ አልባ አገልግሎት ጀመረ። አዲስ የሒሳብ ዓይነት ተጨመረ። ያቺ «ሌላ ከሆነ» የምትል መስመር ግን በየፋይሉ ተደብቃ አለች። አንድ ቦታ ተረሳች። በእምነታቸው ምክንያት ወለድ ሽሽት የመጡ አባት ሒሳብ ውስጥ ወለድ ገባ። በሴፕቴምበር 2021 ጃቫ 17 ሲልድ ክላስን፣ በሴፕቴምበር 2023 ጃቫ 21 ደግሞ ዓይነትን እየለየ የሚሠራውን ስዊች አጸደቁ። ሁለቱ ሲገናኙ ኮምፓይለሩ «ወለድ አልባውን ረስተሃል» ብሎ ሥራ ያቆማል። ስህተቱ ደንበኛው ዘንድ ሳይደርስ ጸሐፊው ወንበር ላይ ይያዛል። ነገር ግን ልማደኛው ፕሮግራመር አሁንም «ዲፎልት» የምትል ማምለጫ ከጻፈ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል! አጻጻፉን ብቻ ያስተማርከው ልጅ ዲፎልቷን ይጽፋታል። ለምን እንደማይጻፍ የገባው ልጅ አይጽፋትም። ሁለት ቀን ቢሾፍቱ የመጀመሪያውን ልጅ ነው የሚያመርተው።

ቨርቹዋል ትሬድም እንዲሁ በወሬ ብቻ ተሸጧል። አስተናጋጇ ማኪያቶ ካዘዘች በኋላ ማሽኑ አጠገብ ተገትራ እስኪፈላ ትጠብቃለች እንበል፤ መቶ ደንበኛ ሲመጣ መቶ አስተናጋጅ ያስፈልጋል። የድሮው የጃቫ ሰርቨር በአብዛኛው እንደዚያ ነው፤ የዳታቤዝ መልስ እስኪመጣ አንድ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትሬድ ይዞ ይቆማል። በጃቫ 21 የጸደቀው ቨርቹዋል ትሬድ አስተናጋጇን «እስኪደርስ ሌላ ጠረጴዛ ታዘዢ» ይላታል። ማኪያቶው ግን ቶሎ አይፈላም። ስሌት የሚበዛበት ሥራ ቅንጣት አይፈጥንም፤ ይህንን የማይናገር አሠልጣኝ ነጋዴ ነው። በጃቫ 21 ላይ ሲንክሮናይዝድ በሚባል ቁልፍ ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ቨርቹዋል ትሬድ እውነተኛውን ትሬድ ይዞ ይቀር እንደነበር፣ ይህም በአብዛኛው የተፈታው በማርች 2025 በጃቫ 24 መሆኑን ካልነገረህ ደግሞ አንተን ብቻ አይደለም የሸወደው፤ ሰርቨርህንም ነው።

«እኛ ቢሮ ያለው ጃቫ 8 ነው፣ አዲሱን ተምረን ምን እናደርገዋለን?» የሚለው ተቃውሞ በጣም የተለመደ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስ። እውነት አለው። ከ8 ወደ 11 ስትሻገሩ የሚሰበር ነገር አለ፤ ኤክስኤምኤልን ከጃቫ ክላሶች ጋር የሚያገናኘውን ጨምሮ አብረው ይመጡ የነበሩ ጥቅሎች ከጃቫ 11 ወጥተዋል። ግን የቆመውም አይቆምም። ኦራክል ለንግድ ተጠቃሚዎች የጃቫ 8ን ነፃ ማሻሻያ ያቆመው በጃንዋሪ 2019 ነው። ሌሎች አቅራቢዎች ቢሸፍኑትም ዙሪያው ጥሎት እየሄደ ነው፦ በኖቬምበር 2022 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 ከጃቫ 17 በታች አልሠራም አለ። ስለዚህ ጥያቄው «መሻገር አለብን ወይ» አይደለም። ማን ያሻግረናል ነው። ይኸው ለሥልጠና የሚበቃ ርዕስ! የራሳችሁን ሲስተም አንድ ቁራጭ አምጡ፣ በአዲሱ ጃቫ አስነሡት፣ የሚሰበረውን እዩ፣ አሠልጣኙ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ይጠግን። ሆቴል አያስፈልገውም። የባነር ወጪ የለውም። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ለሦስት ወር።

«ቤዚኩ ከገባው ሌላው ቀላል ነው» የሚሉትም አሉ፤ እነሱን ብዙም አላከብርም። ቤዚክ የሚሉት የ2004ቱን ጃቫ 5 ነውና። ተማሪውን መቶ መስመር ድግምት ካስጠኑት በኋላ «ጃቫ ወሬ ያበዛል» ብሎ ወደ ፓይተን ሲኮበልል ይገረማሉ።

ለሥልጠና ኃላፊዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአሠልጣኙ ፕሮፖዛል ሲመጣላችሁ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት «ከእኛ ኮድ የትኛውን ፋይል ነው የምትከፍተው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው የይለፍ ቃሉን ስጡት። ለእኛም ለጋዜጠኞቹ ጥሪ ስትልኩ የመዝጊያውን ቀን አይሁን። ከሦስት ወር በኋላ ጥሩን፣ ጳጉሜን 6 የምትለውን ቀን ፎርማችሁ ላይ እንሞላለን።