ላም አለኝ በሰማይ

የኔፓል መንግሥት በ2025 ዓ.ም. አንድ ለየት ያለ ውሳኔ አሳወቀ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በአገሪቱ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ካርናሊና ሱዱርፓሽቺም በሚባሉት ሁለት ክፍላተ ሀገር የሚገኙ 97 የሂማላያ ተራሮች ለሁለት ዓመት ያህል ያለ ምንም የፈቃድ ክፍያ ለተራራ ወጪዎች ክፍት እንዲሆኑ ወሰነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ደግሞ ኤቨረስትን ለመውጣት አንድ የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው የፈቃድ ዋጋ ከ11,000 ወደ 15,000 የአሜሪካን ዶላር ከፍ አለ።

አንድ ነጋዴ በአንዱ ሱቁ ዋጋ ጨምሮ በሌላው ሱቁ ዕቃውን በነጻ ሲያድል ብናይ፥ ወይ አእምሮው ተናውጧል፤ ወይም እኛ ያላየነው ሒሳብ አለው እንላለን። የኔፓል መንግሥት አእምሮው አልተናወጠም። ሒሳቡ ግን ልንመረምረው የሚገባ ነው፤ ለምን ቢሉ፥ የተፈጥሮ ሀብት ኖሮት ገንዘብ ያጠረው አገር ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ሒሳብ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ቁመታቸው ከ8,000 ሜትር የሚበልጥ 14 ተራሮች ሲኖሩ፥ ከነዚህ 8ቱ የሚገኙት በኔፓል ምድርና ድንበር ላይ ነው። የሁሉም አለቃ ኤቨረስት 8,848.86 ሜትር ነው። ይህን በዓይነ ኅሊናው ለመሳል የሚቸግረው አንባቢ የእኛን ራስ ዳሸንን ያስብ። የራስ ዳሸን ቁመት ከ4,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። የኤቨረስት ወጪዎች ድንኳን ተክለው ጉዞ የሚጀምሩበት የመነሻ ሰፈር ግን ከ5,300 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ እኛ ጫፍ ደረስን ብለን ፎቶግራፍ የምንነሣበት ቦታ፥ እነርሱ ገና ጫማቸውን ከሚያጠብቁበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው።

ይህን ያህል ተራራ እያለ የሰው ሁሉ ዓይን ያረፈው በአንዱ ላይ ነው። በ2023 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ብቻ ለኤቨረስት 478 የፈቃድ ወረቀት ተሰጠ። ነፋሱ ጸጥ የሚልባቸው ቀኖች ጥቂት ስለ ሆኑ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነሣል። ከ8,000 ሜትር በላይ፥ አየሩ በሳሳበትና ሰው ብዙ መቆየት በማይችልበት ቦታ፥ እንደ አውቶቡስ ተራ ተሰልፎ ይቆማል። በ2019 ዓ.ም. የተነሣው የዚህ ሰልፍ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ቆሻሻውም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. እያንዳንዱ ተራራ ወጪ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደንብ ቢወጣም፥ በላይኞቹ ሰፈሮች የተቀደደ ድንኳንና ባዶ የኦክሲጅን ሲሊንደር መቅረቱ አልቆመም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። የኔፓል መንግሥት ሐሳብም ይኸው ነው፤ የአንዱ ተራራ ሸክም ለብዙዎቹ ቢከፋፈል ኤቨረስት ይቀለዋል፥ ድኻው ምዕራብም ያጌጣል የሚል ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የተራራ መከፈት ብቻውን ሰውን ያበለጽጋልን? ይህን ለመመለስ ከዚህ በፊት የተከፈቱት ተራሮች ምን እንዳመጡ እንመልከት።

ኔፓል ራና በሚባሉት መሳፍንት እጅ በነበረችበት ከ100 ዓመት በላይ በሆነ ዘመን በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ ኖራለች። የመጀመሪያዎቹ የኤቨረስት ተጓዦችም በ1920ዎቹ ዓመታት ይሄዱ የነበረው በሰሜን፥ በቲቤት በኩል ነው። በሩ ገርበብ ሲል በ1950 ዓ.ም. ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል የተባሉ ፈረንሳውያን አናፑርናን ወጡ፤ ሰው ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ ጫፍ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ1953 ዓ.ም. ሜይ 29 ቀን ደግሞ ኒውዚላንዳዊው ኤድመንድ ሂላሪና የሼርፓው ተወላጅ ቴንዚንግ ኖርጌይ የኤቨረስትን ጫፍ ረገጡ። በ1964 ዓ.ም. ጂሚ ሮበርትስ የሚባሉ ጡረተኛ የእንግሊዝ ጦር መኰንን፥ ጫፍ ለመድረስ ሳይሆን በተራሮቹ ግርጌ በእግር ለመጓዝ ለሚፈልጉ እንግዶች የሚያገለግል ድርጅት በካትማንዱ አቋቋሙ። በሚከተለው ዓመት የመጡት የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው ሦስት አሜሪካውያት ነበሩ። ዛሬ ወደ ኔፓል ከሚሄዱት እንግዶች ገመድ ይዘው ከሚወጡት ይልቅ በእግር የሚጓዙት እጅግ ይበዛሉ።

ታሪኩ እስከዚህ ድረስ የጀግንነት ታሪክ ነው። ዕቃውን የተሸከመው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ግን መልኩ ይለወጣል። በ1953 ዓ.ም. ለሁለት ሰዎች ድል ከ350 በላይ ተሸካሚዎች ጭነት በጀርባቸው አዝለዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ፥ በ1922 ዓ.ም. በኤቨረስት ላይ የበረዶ ናዳ ሰባት ሰዎችን ሲገድል ሰባቱም ተሸካሚዎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ኤፕሪል 18 ቀን ኩምቡ በሚባለው የበረዶ ግግር ላይ የወረደው ናዳ 16 ሰዎችን ገደለ፤ 16ቱም ለእንግዶቹ ዕቃ የሚያመላልሱ የኔፓል ሠራተኞች ነበሩ። እንግዳው ያንን አደገኛ ቦታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲያልፍ፥ ሠራተኛው ድንኳኑንና ምግቡን፥ ገመዱንና ኦክሲጅኑን ለማድረስ ደጋግሞ ያልፈዋል። መንግሥቱ መጀመሪያ ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሊሰጥ ያሰበው 40,000 ሩፒ፥ ማለት 400 የአሜሪካን ዶላር ያህል ነበር። ሼርፓዎቹ ተቈጥተው ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት የኤቨረስት ጉዞም በኔፓል በኩል ተቋረጠ። ሳይውል ሳያድር በዚያው ዓመት መንግሥት 104 አዳዲስ ተራሮችን ለእንግዶች መክፈቱን አስታወቀ። ተራራ መክፈት የአንድ ቀን ማስታወቂያ ነው፤ ለተሸካሚው ሕይወት ዋጋ መስጠት ግን ብዙ ክርክር ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ የሌላውንም ወገን እንመዝን። በኤቨረስት ግርጌ የሚኖሩት የኩምቡ ሼርፓዎች ዛሬ ከኔፓል ገጠሬዎች መካከል ኑሯቸው ከተሻሻለላቸው የሚቈጠሩ ናቸው። የእንግዳ ማረፊያው የእነርሱ ነው፤ ከጉዞ ድርጅቶቹም ብዙዎቹ የእነርሱ ናቸው። የአያቶቻቸው ስም «ተሸካሚ» ነበር፤ የልጆቹ ስም ግን «መሪ» ሆኗል። ካሚ ሪታ ሼርፓ በ2025 ዓ.ም. ኤቨረስትን ለ31ኛ ጊዜ ወጥቷል። በ2021 ዓ.ም. ጃንዩወሪ 16 ቀን፥ በፓኪስታን የሚገኘውንና ማንም በክረምት ወጥቶት የማያውቀውን ኬ2 የተባለ ተራራ የደፈሩት አሥሩም ሰዎች ኔፓላውያን ናቸው፤ ጫፉንም የረገጡት ባንድነት ነው።

ይህ ለውጥ ከየት መጣ? ከተራራው ነው የሚል ቢኖር መልሱ ግማሽ ብቻ ነው። ሰር ኤድመንድ ሂላሪ ዝናቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ብቻ አልገቡም። በ1961 ዓ.ም. በኩምጁንግ መንደር ትምህርት ቤት፥ በ1964 ዓ.ም. በሉክላ የአውሮፕላን ማረፊያ፥ በ1966 ዓ.ም. በኩንዴ ሆስፒታል አሠሩ። የሉክላው ሜዳ አፈሩ ልል ሆኖ አልጠብቅ ቢል፥ ሼርፓዎቹ የአገር ጠላቸውን እየጠጡ፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው፥ እግራቸውን እየመቱ በጭፈራ ደለደሉት ይባላል። ቴንዚንግ ኖርጌይም በ1954 ዓ.ም. በዳርጂሊንግ በተከፈተው የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት የመስክ ሥልጠና ኃላፊ ሆኖ ዕውቀቱን ለወጣቶች አስተላልፏል። ስለዚህ ኩምቡን ያቀናው የኤቨረስት ቁመት ብቻ አይደለም። ቋንቋና ሒሳብ ያስተማረው ትምህርት ቤት፥ እንግዳውን ያደረሰው ማረፊያና በሽተኛውን የተቀበለው ሆስፒታል ናቸው።

አሁን ወደ ምዕራብ፥ ወደ ካርናሊ እንመለስ። ከ97ቱ ተራሮች መካከል አፒ የተባለው 7,132 ሜትር ይደርሳል፤ ውበትም ሆነ ቁመት አልጎደለም። የጎደለው መንገድ ነው፥ የሠለጠነ መሪ ነው፥ ማረፊያ ቤት ነው፥ የታመመ ሰው የሚታይበት ክሊኒክ ነው። የአካባቢው ወጣት ከራስጌው በረዶ የለበሰ ሀብት ቆሞ እያየ፥ እንጀራውን ፍለጋ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ዐረብ አገሮች ይሰደዳል። ከውጭ አገር ሠራተኞች የሚላከው ገንዘብ ከኔፓል ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ወደ ሩብ ይጠጋል። በዐረብ አገሮች የሚሠሩ የእኛ ወንድሞችና እኅቶች እነዚህን ኔፓላውያን በደንብ ያውቋቸዋል፤ በአንድ ከተማ አብረው ይለፋሉ፥ ደመወዛቸውንም ለመላክ በአንድ ባንክ በር ይሰለፋሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን ለካርናሊ ሰው የተተረተ ይመስላል።

የእነዚህ ተራሮች የፈቃድ ክፍያ ከኤቨረስቱ ጋር ሲተያይ ቀድሞውንም ትንሽ ነበር። እንግዳው የቀረው በክፍያው አይደለም፤ መድረሻ በማጣቱ ነው። በሩ እንዳይከፈት ያደረገው መቀርቀሪያ አንድ ሆኖ ሳለ ሌላውን መቀርቀሪያ ብንስብ በሩ አይከፈትም። «መጀመሪያ እንግዳው ይምጣ፥ መንገዱ ይከተላል» የሚሉ አሉ፤ በኩምቡም ጫፉ ከትምህርት ቤቱ መቅደሙ እውነት ነው። ዳሩ ግን መንገዱ እንግዳውን የተከተለው በራሱ እግር አይደለም፤ ያስከተሉት ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የሁለቱ ዓመት ነጻ ፈቃድ ሲያበቃ መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው ወጣ ተብሎ ሳይሆን ምን ተሠራ ተብሎ ነው።

ገንዘብ በሚሰበሰብበትም ቦታ ቢሆን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። በኔፓል ሕግ ከተራራ ፈቃድ የሚገኘው ገቢ ግማሹ ለማዕከላዊው መንግሥት፥ ሩቡ ለክፍለ ሀገሩ፥ ሩቡ ለአካባቢው አስተዳደር ይከፈላል። ሕጉ ደግ ነው፤ ሕግን ሕግ የሚያደርገው ግን በየቢሮው የተቀመጠው ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. ከሕንድ አገር የመጡ ባልና ሚስት የሌላ ሰው ፎቶግራፍ አስተካክለው «ኤቨረስትን ወጣን» ብለው ቀረቡ፤ መሥሪያ ቤቱም ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ሰጣቸው። እውነቱን የደረሱበት ሌሎች ተራራ ወጪዎች ናቸው፤ ወረቀቱም በኋላ ተሰረዘ። ማኅተም በእጃችሁ ያለ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ልብ በሉ። 8,000 ሜትር ላይ የተደረገ ነገር እንኳ እውነትና ሐሰት የሚሆነው መጨረሻ ላይ በአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለመሆኑ ተራራ ሁሉ የግድ መከፈት አለበትን? የኔፓል ጎረቤት ቡታን አይደለም ብላለች። በ1994 ዓ.ም. ከ6,000 ሜትር በላይ የሆኑትን ተራሮቿን ዘጋች፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ተራራ መውጣትን ፈጽማ ከለከለች፤ የሕዝቡ እምነት ጫፎቹን የመናፍስት ማደሪያ አድርጎ ያከብራቸዋልና። ጋንግካር ፑንሱም የተባለው 7,570 ሜትር የሆነው ተራራዋ እስካሁን የሰው እግር ያልረገጠው የዓለም ከፍተኛ ተራራ ሆኖ ቀርቷል። ቡታን ግን በዚህ ምክንያት እንግዳ አላጣችም፤ በ2023 ዓ.ም. በተሻሻለው ደንብ ከአብዛኞቹ እንግዶች ለአንድ ሌሊት 100 ዶላር ታስከፍላለች። ኔፓልም ብትሆን ማቻፑቻሬ የተባለውን ተራራ ዘግታዋለች፤ በ1957 ዓ.ም. የወጡት እንግሊዛውያን ለማክበር ሲሉ ጫፉ ጥቂት ሲቀራቸው ቆመው ተመልሰዋል። ስለዚህ መክፈትም ሆነ መዝጋት ያስከብራል። የሚያስንቀው፥ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ሳይወስኑ ገበያ መውጣት ነው።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። የስሜን ተራሮቻችን በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው፤ ኤቨረስት ያለበት የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ የተመዘገበው በሚከተለው ዓመት ነው። በዚያ የሼርፓዎቹ መንደሮች ሳይነሡ ሕዝቡ የእንግዳው አስተናጋጅ ሆነ። በስሜን ግን የግጭ መንደር ነዋሪዎች ፓርኩ እንዲያገግም ሲባል በ2016 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በሚከተለው ዓመት በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። የግጦሹ መጎዳት እውነት ነበረ። ቢሆንም ከተራራው የወረደ ሰው ከተራራው ጥቅም ምን ድርሻ አለው የሚለው ጥያቄ በዝርዝሩ መሰረዝ አይሰረዝም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ፥ ነገ ከነገ ወዲያ በአንድ ክፍል ኃላፊ ሆነህ «ይህ ቦታ ለቱሪስት ይከፈት» የሚል ፋይል ጠረጴዛህ ላይ ሲመጣ፥ ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው? ከክፍያው ለእርሱ የሚደርሰው ስንት ነው? ልጁስ የሚማረው የት ነው? መልሱ በፋይሉ ውስጥ ከሌለ ፋይሉን መልሰው። ላሚቱ በሰማይ መሆኗ አያሳዝንም፤ ሂማላያን ያህል ላም ሊኖር የሚችለው በሰማይ ነው። የሚያሳዝነው መሰላሉን የሚሠራ ጠፍቶ፥ ከሥሯ የተወለደው ልጅ ወተት ፍለጋ ባሕር ሲሻገር ነው።