ከሞተር ሥር ያለውን ከለላ ስለ መጣል

በከተማችን በአዲስ አበባ ያረጀ አውቶሞቢል ይዞ ወደ ጋራዥ የሚገባ ሰው አንድ ፍርድ ሲሰጥ ሳይሰማ አይወጣም፤ ይኸውም ከሞተሩ ሥር ተዘርግቶ የሚገኘው ጥቁር ፕላስቲክ ዘይት ሲቀየር እጅ ከማሰር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለምና ተነቅሎ ቢጣል ይሻላል የሚለው ነው። ይህ ፍርድ ማስረጃ ሳይቀርብበት፣ የሚሟገትለትም ጠበቃ ሳይቆም፣ ከአንዱ መካኒክ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ባለመኪና ወደ ጎረቤቱ ሲተላለፍ ኖሮ እንደ ቀኖና ስለ ጸና፣ ዛሬ የሚቃወመው ቢገኝ እንግዳ ትምህርት እንዳመጣ ሰው ይታያል። እኔ ግን የፍርዱን ሐሰትነት በገንዘቤ ከፍዬ ያወቅሁት ስለ ሆነ፣ ሌላውም ሰው ያንኑ ዕዳ ደግሞ ሲከፍል እያየሁ ዝም ማለቱን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

መኪናዬ በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘይት ላስቀይር ከሰፈሬ ጋራዥ ባስገባኋት ጊዜ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ወጣት የግራና የቀኙን ከለላ ፈትቶ ከግድግዳው ጥግ አስደገፋቸውና ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሊመልሳቸው እጁን ሳይዘረጋ ቢቀር፣ «እነዚያስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እነዚህ ለፈረንጅ አገር በረዶ የተሠሩ ናቸው፤ እዚህ ምን ያደርጉልዎታል? ደግሞ ግማሹ ብሎን የለም፤ እየተንኳኩ ያስቸግርዎታል» አለኝ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ እርሱም ከአለቃው የሰማውን ነው የነገረኝ። እኔም ብርሃን የለበሰ ነገር የተነገረኝ መስሎኝ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

የሆነው ነገር የተገለጠው በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ ወር ነው። ዶፍ ከዘነበ በኋላ መንገዱ ላይ የተኛውን ውሃ ሳቋርጥ ከኮፈኑ ሥር የሚሰቀጥጥ ጩኸት ተነሣ፤ ወዲያውም የባትሪው ቀይ መብራት በራ፤ መሪውም ከበደኝ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ብከፍት ዲናሞው እንደ ጎጆ ግድግዳ በጭቃ ተመርጓል፤ አየር የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ደርቆ በጠጠረ አፈር ተደፍነዋል፤ ቺንጋው በርዝመቱ ካሉት ቦዮች በአንደኛው ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር ሰንቅሮ ጠርዙ ተተልትሏል። ያን ቀን ቺንጋ፣ በሳምንቱም ዲናሞ ገዛሁ። ያንን ሁሉ ጭቃ ሲመክት የኖረው፣ ከግድግዳ እንደ ተደገፈ ጥዬው የሄድሁት ከለላ መሆኑን የተረዳሁት፣ ለልብሴ ሳልሳሳ ከመኪናዬ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ ባየሁ ጊዜ ነው።

በእውነት ለዚህ ጉዳይ ከዚያ የሚበልጥ ሐተታ የለም። እንደ ኮሮላ ባሉት መኪናዎች ሞተሩ አግድም የተቀመጠ ስለ ሆነ ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ በቀኝ በኩል፣ ከፊተኛው ቀኝ ጎማ አጠገብ ይገኛል፤ ጎማው እየተሽከረከረ የሚረጨው ውሃና አሸዋ በቀጥታ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ በመካከላቸው የሚቆመውም የቀኙ ከለላ ብቻ ነው። የግራው ደግሞ ከካምቢዮው ሥር ሆኖ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን መጋጠሚያ ይሸፍናል። እነዚህ መጋጠሚያዎች አንድ ክረምት ሙሉ ውሃ ሲረጭባቸው ቢከርሙ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፤ መኪናይቱም አንድ ቀን ያለ ምክንያት የጠፋች፣ በማግሥቱ ያለ ምክንያት የተነሣች መስላ ባለቤቷን ከጋራዥ ጋራዥ ታንከራትታለች፤ ምክንያቱ ግን ገና ድሮ ከግድግዳ ጥግ ተደግፎ የቀረው ነው።

«ለበረዶ የተሠራ ነው» ለሚለው ቃል የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብ የሚዋጥ፣ ከዚያም ወዲህ እስከ በልግ በአቧራ የሚታጠን፣ ኮብልስቶኑ የተነሣ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረ መንገድ ያለበት ከተማ ከለላ አያስፈልገውም ካሉ፣ ከለላ የሚያስፈልገው አገር የትኛው ነው? መኪናዋን ያሰበው ጃፓናዊ መሐንዲስ ስለ ውሃ፣ ስለ ጭቃና ስለ ጠጠር ያሰበው ሁሉ ከእርሱ አገር ይልቅ ለእኛ የሚስማማ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ለእኛ የተባለውን ነቅለን እንጥላለን።

ከውሃው ይልቅ ጥቂት ሰው የሚያስተውለው የነፋሱ ነገር ነው። መኪና ስትሮጥ ከፊት ገብቶ ራዲያተሩን ያቀዘቀዘ አየር ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። ከሥር ያለው ክፍት ከሆነ የመንገዱ ነፋስ ወደ ሞተሩ ክፍል ሽቅብ እየተወረወረ ከፊት የሚመጣውን ይቃወመዋል፤ ከለላው በቦታው ካለ ግን የታችኛው ነፋስ ልስልስ ብሎ ወደ ኋላ ያልፍና የሞቀውን አየር እየሳበ ይዞት ይሄዳል። በከተማ ውስጥ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ በዚያ ጊዜ ራዲያተሩን የሚረዳው የራሱ ማራገቢያ ነው። ነገር ግን ከአዳማ ተነሥቶ በፈጣኑ መንገድ፣ መኪናውን ሞልቶ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ የመሳሳቱንም ያህል ሙቀት የመሸከም አቅሙ እየቀነሰ እንደሚሄድ ቢያስብ፣ ያችን አንዲት እጅ የምታነሣትን ፕላስቲክ አቃልሎ አያያትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው የከፋ ነው፤ የተናቀውን ፕላስቲክ በላሜራ መተካት። ብረት የጸና ነው፣ ጽናትም ክብር ነው በሚል አሳብ ከመኪናይቱ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በልክ አስቆርጠው የሚያስበይዱ ብዙዎች ናቸው። ወርዱ 70፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ላሜራ 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ይህንንም ሸክም የፊት እግሮቿ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ፕላስቲኩ ድንጋይ ሲመታው ጎብጦ ይመለሳል፤ ላሜራው ግን አንዴ ከጎበጠ አይመለስም፤ እንዲያውም ወደ ላይ ተጣሞ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ይነካና፣ ሞተሩ በተቀመጠባቸው ጎማዎች ላይ ሲርገበገብ የነበረው ንዝረት ሁሉ ወደ ወለሉ ያልፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋይም ምቱን ለማጠራቀሚያው በቀጥታ ያደርሳል። ዘይት የምታፈስ መኪና ዘይቷ በላሜራው ላይ ከአፈር ጋራ እየተቦካ ስለሚቀር፣ ባለቤቷ ከሥሯ ጠብታ አጥቶ ደኅና ናት ብሎ ይኖራል። ብየዳ ከሆነ ደግሞ ሊፈታ አይችልምና በሥር የሚደረገው ጥገና ሁሉ በመጋዝ ይጀመራል።

ለፍትሕ ያህል፣ ከፋብሪካው የብረት ከለላ ይዘው የሚወጡ መኪናዎች መኖራቸውን አልዘነጋሁም። ላንድ ክሩዘር በድንጋያማ አገር እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ ብረቱ፣ ብረቱን የሚሸከመው ሻንሲ፣ የአየሩም መውጫ አብረው ታስበዋል። የእኔ ክርክር አሳቢ ከሌለው ላሜራ ጋራ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ከማርሚታው ቱቦ በላይ፣ በቱቦውና በወለሉ መካከል ስላለው ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ አንድ ቃል ልናገር። እርሱም ብሎኑ ዝጎ መንኳኳት ሲጀምር «ንቀለው» ይባላል። የቱቦው ሙቀት ወደ ወለሉና በአጠገቡ ወደሚያልፈው የቤንዚን መስመር እንዳይደርስ የሚከላከለው እርሱ ነው፤ ለመንኳኳቱም ከብሎኑ ራስ ሥር አንድ ሰፊ ሮንዴላ ማግባት ይበቃዋል።

ታዲያ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ስለ ምን ተሸፈነ? አንደኛው ምክንያት በጋራዡ ዘንድ ነው፤ ዘይት ለመቀየር የሚከፈለው ዋጋ ከለላውን ፈትቶ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ አይቆጥርም፤ የተሰበረውም ክሊፕ ምትክ አይገዛለትም፤ ስለዚህ ዛሬ ሁለት ብሎን፣ ነገ ሦስት እየጎደለ ይሄድና በመጨረሻ የተንጠለጠለው ፕላስቲክ በነፋስ ይቀደዳል፤ ከዚያም «አያገለግልም ነበር» ይባልበታል። ሁለተኛውና ጥልቁ ምክንያት ግን በእኛ በባለመኪናዎቹ ዘንድ ነው፤ ተምረናል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰናል የምንል ሰዎች ከመኪና ሥር መተኛትን እንደ ውርደት ስለምንቆጥር፣ ከዚያ ሥር ያለውን ነገር ሌላ ሰው እንደ ነገረን ብቻ እናምናለን። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ፤ በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አውቶሞቢሏን ሁላችን ተቀብለናታል፤ አዋጁን ግን ገና አልተቀበልነውም። የምንነዳትን መኪና ሆድ የማያውቅ እጅ ክቡር እጅ ነው ብለን የምናምን እስከ ሆንን ድረስ፣ ስለ እርሷ የሚነገረንን ሁሉ ለመቀበል የተፈረደብን ነን።

ደግሞም ጊዜው ለቸልታ አይመችም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ከእኛ ጋራ ብዙ ዘመን ይኖራሉና እንደ ቤተ ክርስቲያን ንዋያት ተጠብቀው ሊያዙ ይገባቸዋል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። እኔ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የግራውን ያገለገለ፣ የቀኙን አዲስ ገዝቼ፣ አሮጌዎቹን ብሎኖች ከዋዜማው ዘይት አጠጥቼ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በግቢዬ ውስጥ ጀመርሁ። ሞተሩ እስኪበርድ ቆየሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ያዝሁ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስገባሁ፤ በክሪክ ካነሣኋትም በኋላ ከጎኖቿ ሥር አምራቹ ባጠናከረው ቦታ ሁለት የብረት ማቆሚያዎች አስገብቼ ክብደቷን በእነርሱ ላይ አሳረፍሁ። በዚህ ነገር ላይ ማንንም ማባበል አልፈልግም፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር የሚገባ ሰው፣ ወይም ብሎኬት ደርድሮ በእርሱ የሚታመን፣ ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲሰነጠቅም አያስጠነቅቅም።

ክሊፖቹ መካከላቸው ላይ ትንሽ እምብርት አላቸው፤ እርሷን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀስ ብሎ ብቅ ካደረጉ በኋላ መላው ክሊፕ ያለ ጉልበት ይወጣል፤ የጋራዡ ልጆች በፒንሳ ጎትተው የሚሰብሯቸው እምብርቷን ስለማይፈልጓት ነው። ከለላውን ስገጥም ከፊት ጀመርሁ፤ የፊተኛው ጠርዝ ከፓራውርቱ የታች ከንፈር በላይ መግባት አለበት፤ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲደረብ ዝናቡ ወደሚሄድበት እንደሚደረበው፣ ይህም ነፋሱ ወደሚሄድበት ይደረባል። ተገላብጦ ጠርዙን ከከንፈሩ ሥር ካስቀሩት፣ መኪናዋ ፍጥነት በያዘች ጊዜ ነፋሱ እንደ ሸራ ይነፋውና ይገነጥለዋል። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣቴ አስያዝኋቸው፤ ሁሉም ከያዙ በኋላ ነው በ10 ቁጥር ቁልፍ ያጠበቅኋቸው፤ ይህንንም በልክ፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። ያገለገለው የግራው ከለላ አንዱ ቀዳዳው ተቀድዶ ስለ ነበር ሰፊ ሮንዴላ አገባሁለት፤ እስከ ዛሬም ይዟል። ሁሉ ሲያልቅ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ባለፈው ጥር ዘይት ላስቀይር ወደዚያው ጋራዥ ተመለስሁ። ያው ወጣት ከጉድጓዱ ሆኖ ቀና ብሎ ሲያይ፣ «ጋሼ፣ አስመለሷቸው?» አለኝ። «ራሴ ነኝ የገጠምኋቸው፤ አሁንም እንደ ነበሩ ትመልስልኛለህ፤ የጊዜህን ለብቻው እከፍልሃለሁ» አልሁትና በርጩማ ስቤ ከጉድጓዱ አፍ ተቀመጥሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ አኖራቸው፤ ዘይቱን ቀየረ፤ እምብርቷንም ባሳየሁት ጊዜ ክሊፖቹን ሳይሰብር መልሶ አስገባ። ወደ መጨረሻው ላይ ክዳኑን በጣቱ አሰሰና፣ «ስምንት ነበሩ ወይስ ዘጠኝ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዘጠኝ» አልሁት።

ባትሪውን አብርቶ እንደገና ወደ ጉድጓዱ ወረደ።