የሚደፋው ወተት ዋጋ በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ?

በ1960ዎቹ፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን ድጋፍ ላሞችን ማዳቀል ከጀመረ ወዲህ፣ በአሰላና በአካባቢው ደጋ የተዳቀሉ ላሞች ተበራክተዋል። ብዙ ወተት የሚሰጥ ላም ግን ለጡት በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከበሽታው መንሥኤዎች አንዱ የሆነው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም የማመንጨት ችሎታ ያዳበረ ባክቴሪያ ነው።

መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት፣ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ በሚጠበቀው ጊዜ ውስጥ፣ ለምግብ መዋል የለበትም። በወተቱ የቀረው መድኃኒት ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ የተላመዱትን ያስቀራል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የመድኃኒቱን ቅሪት ግን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል ተብሎ አይታመንም። እርጎና ቅቤም በአብዛኛው የሚዘጋጁት ካልፈላ ወተት ነው። ያልተሸጠውን ለጥጃ ማጠጣትም ቢሆን በጥጃው አንጀት ውስጥ ያንኑ መላመድ ያጠናክራል።

ይህን ለአርቢው ማስተማር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን የዕውቀት ጉድለት ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም። ሁለት ላሞች ያሉት ቤተሰብ የአንዷን ወተት ለቀናት ሲደፋ የሚያጣው የወተት ገቢውን ግማሽ ያህል ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒትን ቁጥጥር ደንግጋለች፤ ሆኖም በየበረቱ ደጃፍ ተቆጣጣሪ ማቆም አይቻልም። ጥቅሙ የሕዝብ ሁሉ፣ ኪሳራው የአንድ ጎጆ የሆነበት ሥርዓት ደግሞ በምክር ብቻ አይጸናም።

ስለዚህ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለሚደፋው ወተት ማካካሻ የሚሆን የጋራ ገንዘብ ቢያቋቁሙ መልካም ነው እላለሁ። ከእያንዳንዱ የተሸጠ ሊትር ጥቂት ሳንቲም ይዋጣ፤ ወተት አቀነባባሪዎችም ድርሻቸውን ይክፈሉ። ክፍያው የሚፈጸመው የእንስሳት ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒትና ወተቱ ለሽያጭ የሚበቃበትን ቀን ጽፎ ሲፈርም ብቻ ይሁን። ማጭበርበር ይከተላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ማኅበሩ ግን አባላቱንና ላሞቻቸውን ያውቃል፤ የሐኪሙ መዝገብም የትኛው መድኃኒት ምን ያህል እንደተሰጠ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ዙሪያ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። ላሚቱም ሕፃኑም የሚታከሙት በአንድ የመድኃኒት ወገን ነው። በበረት ኃይሉን ያጣ መድኃኒት በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሲፈለግ አይገኝም፤ ከጥቂት ሊትር ወተት ዋጋ ጋር ሊነጻጸር የሚገባውም ይህ ኪሳራ ነው።