ሄግ ላይ 45 ደቂቃ

ወረቀቱ ቤት የገባው በትልቋ ልጄ ቦርሳ ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ቀለም፣ ሁለት ገጽ። አናቱ ላይ «የአውሮፓ የፖለቲካና የጸጥታ ተቋማት የትምህርት ጉዞ» ይላል። ዘጠኝ ቀን፣ አራት ከተማ፦ ብራስልስ፣ ስትራስቡርግ፣ ሄግ እና ጄኔቫ። ዋጋው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ሰፍሯል። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ ከዚያ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አነበበው። ጀሞ ለምንኖርበት ቤት በዓመት ከምንከፍለው ኪራይ ይበልጣል።

ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይሆንም። «አይሆንም» ካልን ጓደኞቿ ሄደው እሷ ስትቀር ይታየናል። «ይሁን» ካልን ደግሞ የታናሽ ወንድሟ የመስከረም ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ አለ። ያን ቀን ማታ እኔና ባለቤቴ ስለ ሽሮው ጨው ብቻ አውርተን ተኛን።

ነገሩን የለወጠችው እናቴ ናት። አብራን ትኖራለች፤ ፓስፖርት አውጥታ አታውቅም። ልጄ የከተሞቹን ስም ጮክ ብላ ስታነብላት ብራስልስ ላይ ዝም፣ ስትራስቡርግ ላይም ዝም አለች። «ሄግ» ሲባል እንዝርቷን አቆመች።

«እነዚያ ባድመን ሰጥተውን መልሰው የወሰዱብን?» አለች።

ልጄ ግራ ገባት። ያኔ አልተወለደችም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለውን የወታደር ፎቶ ግን ታውቀዋለች። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር ላይ የቀረ። «አጎትሽ በጦርነት ነው የሞተው» ብለናት ነበር፤ ከዚያ በላይ አልነገርናትም። ለምን እንዳልነገርናት ስጠየቅ መልስ አጣሁ። ብዙ ቤት እንዲሁ ይመስለኛል፤ ፎቶው ይሰቀላል፣ ታሪኩ ግን አይወራም።

ለማታውቁት ልጆቻችሁ እንዲህ ንገሯቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ተነስቶ በ1992 ቆመ፤ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት አልጀርስ ላይ ተፈራርመው ድንበሩን አምስት አባላት ላሉት ኮሚሽን ሰጡ፤ ውሳኔው የመጨረሻ እንዲሆንም ተስማሙ። የኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት ሥራ የተሠራው ሄግ ባለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔው ሲነገር እኛ ዘንድ የተሰማው ባድመ ለኢትዮጵያ ተፈረደች የሚል ነበር፤ እናቴ እልል ብላለች። ዓመት ሳይሞላ ግን ኮሚሽኑ የመስመሩ ነጥቦች ባድመን ወደ ኤርትራ እንደሚያደርጓት ግልጽ አደረገ። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል ያስታወቀችው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። እናቴ «ሰጥተው መልሰው የወሰዱብን» የምትለው ይህን ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን እንደገና አነሳነው። ስድስተኛው ቀን ላይ «ሄግ፦ የሰላም ቤተ መንግሥት፣ ፎቶግራፍ፣ 45 ደቂቃ» ይላል። ብራስልስ ላይ ለቸኮሌትና ለገበያ የተመደበው ሦስት ሰዓት ነው።

እውነቱን ልናገር፤ የተናደድኩት ያኔ ነው። ያ ግቢ ለእኛ ልጆች የሌላ ሰው ቤት አይደለም፤ የእኛም መዝገብ ተቀምጦበታል። የባድመውም ብቻ አይደለም። በዚያው ሕንጻ ውስጥ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አለ። ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን የከሰሱት እዚያ ነው፤ ዛሬ ናሚቢያ በምንላት ምድር ላይ አፓርታይድን ስላሰፈነች። ለመክሰስ ያስቻላቸው ሁለቱም የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት የነበሩ መሆናቸው ነው። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ወሰደ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈለና ፕሬዚዳንቱ በወሳኝ ድምፃቸው ክሱን ጣሉት፤ «ከሳሾቹ የሚያስከስስ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም» በሚል። ከጥቂት ወራት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ። ይህን ለልጄ ስነግራት «እኛ ነን የከሰስነው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ጄኔቫንማ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል ብለን እናልፋለን። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ እዚያ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፊሽካ እየነፉ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ በጸጥታ ኃይል ተወሰዱ። ብዙዎቻችን የምናቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ይበልጥ ለውይይት ይሆናል። በሐምሌ ወር በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሳ። የ16 ዓመት ልጅ ጄኔቫ ድረስ ከሄደች «የጋራ ደኅንነት» የሚባለው ቃል በማን ላይ እንደተፈተነ አውቃ ብትሄድ ይሻላል። የክፍለ ከተማችን ስም እንኳ ከዚያ ዘመን ቃል ነው፤ «ነፋስ ስልክ» ያሉት ያለ ሽቦ የሚያወራውን ራዲዮ ነው።

ስትራስቡርግ ላይ ብዙም አልቆይም። ወረቀቱ ላይ «የአውሮፓ ምክር ቤት» የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ ተቋማት ተሰጥቷል። ስትራስቡርግ ያለው 46 አገሮችን የያዘው፣ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ያለው ነው። ብራስልስ የሚሰበሰበው ደግሞ የ27ቱ የአውሮፓ ሕብረት አገሮች መሪዎች ጉባኤ ነው። አዘጋጁ ራሱ ካምታታው ልጆቹ ምን ይዘው ይመለሳሉ?

ብራስልስ ግን ከምናስበው በላይ ጀሞ ድረስ ይደርሳል። ሶማሊያ ለዘመተው የአፍሪካ ሕብረት ጦር ለዓመታት የወታደሮቹ አበል ይከፈል የነበረው ከአውሮፓ ሕብረት በሚመጣ ገንዘብ ነው። ከጥር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የኛም ሠራዊት በዚያ ጦር ውስጥ ተካቷል። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ባሏ እዚያ ዘምቶ የተመለሰ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስነግራት «እኔማ ከሞቃዲሾ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ እያወራን ባለቤቴ ልጃችንን አንድ ነገር ጠየቃት። «አፍሪካ ሕብረት ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«በታክሲ አልፌዋለሁ።»

ሁላችንም ያው ነን። ከጀሞ ሜክሲኮ የሚሄደው ታክሲ መካኒሳን፣ ሳር ቤትን ካለፈ በኋላ በአጠገቡ ነው የሚያልፈው። 55 አገሮች የሚሰበሰቡበት፣ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቻይና ያሠራችው ባለ 20 ፎቅ ሕንጻ። ከፍታው 99.9 ሜትር የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ ሕብረቱን ለመመሥረት ሲርት ላይ የታወጀበትን እ.ኤ.አ. 9/9/99 ለማስታወስ ነው። በዚያው ግቢ ጀርመን ያሠራችውን የሰላምና ጸጥታ ሕንጻ አንጌላ ሜርክል ጥቅምት 1 ቀን 2009 ዓ.ም. መርቀውታል፤ ጁሊየስ ኔሬሬ ይባላል። 15 አባላት ያሉት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት የሕብረቱ ነው፤ ስለ ሱዳን፣ ስለ ሶማሊያ የሚመክረው ይህ ነው። እናቴ በበኩሏ ቦታውን የምታውቀው በድሮ ስሙ ነው፤ «ዓለም በቃኝ»። እስር ቤቱ ነበር እዚያ የነበረው። ልጄ ይህንንም አታውቅም ነበር።

ሁለት ቤተሰብ ሆነን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ለጠብ አልነበረም። ጉዞውን የሚያስተባብሩት መምህር ወጣት ናቸው፤ ሲያዳምጡን ማስታወሻ ያዙ። ሦስት ነገር ጠየቅን። ሄግ ግማሽ ቀን ይሰጠው፤ ገበያው ይቀነስ። ከመሄዳቸው በፊት ልጆቹ አፍሪካ ሕብረትንና የአፍሪካ አዳራሽን ይጎብኙ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 የአፍሪካ መንግሥታት የተፈራረሙበትን፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበትን። ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነበር፤ እዚህ ላይ ወረቀት የመጣላችሁ ወላጆች ልብ በሉ።

የአውሮፓ ፓርላማ ጎብኚ አያስከፍልም፤ አስቀድሞ ቀን ማስያዝ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የእኛ ወረቀት ግን ለፓርላማው የመግቢያ ክፍያ ደምሮ ነበር። የሸንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የሸንገን የቪዛ ሕግ ግን ለትምህርት የሚጓዙ ተማሪዎችንና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራንን ከዚህ ክፍያ ነጻ ያደርጋል። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ ግን አይቀርም። ጊዜም አስቡበት። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአውሮፓ ሕብረት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቪዛ አጥብቋል፤ ምክንያቱ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ስለዚህ መደበኛው የመልስ ጊዜ 15 የነበረው 45 ቀን ሆኗል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ አትዘግዩ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስና፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ የኛን በውልና ማስረጃ ለማጸደቅ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጅቶብናል።

አዘጋጁ ሒሳቡን አስተካከለ። ዋጋው ወረደ እንጂ አልረከሰም። ባለቤቴ አሁንም ይከራከራል፤ «ገንዘቡ ለዩኒቨርሲቲዋ ይቀመጥ» ይላል፤ ስህተት ነው ማለት አልችልም። ቅድሚያ ክፍያውን ግን ከፍለናል።

በመሀሉ ልጄ አንድ ነገር አደረገች። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አውርዳ ሌሊቱን ስታነብ አደረች። ጠዋት ቁርስ ላይ «እማዬ፣ እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ፍላጎት አልጠየቁም እኮ» አለችኝ። ልክ ናት። የአልጀርሱ ስምምነት ለኮሚሽኑ የሰጠው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 አጼ ምኒልክና ጣሊያን የተፈራረሙባቸውን ውሎችና ዓለም አቀፍ ሕግን ተከትሎ እንዲወስን ነው፤ «ለሕዝቡ የቱ ይሻላል?» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን አልነበረውም። ባለቤቴ «እንግዲህ ከጀሞ ሳትነሺ ካወቅሽው መሄዱ ለምን አስፈለገ?» አላት፤ ግማሹ ቀልድ ነው።

«እዚያ ያለ ሰው ፊት ቆሜ ልጠይቀው ነው» አለች። ደብተሯ ላይ ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛ እየጻፈች ነው፤ እስካሁን 11 ደርሰዋል።

የአፍሪካ ሕብረት ጉብኝት ደብዳቤ ተልኳል። የአሻራ ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው። ልጄ ካርታውን አትማ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ባድመ የቷ ጋ እንደሆነች አስጠቁማ ካየች በኋላ ወረቀቱን አጥፋ ከወንድሜ ፎቶ ጀርባ ሰካችው።