ጣሪያው የማን ነው?

ክረምት ሲገባ በየኮንዶሚኒየሙ የሚነሳ የታወቀ ጭቅጭቅ አለ። ጣሪያው ያፈስና የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ኮርኒስ ይበሰብሳል። ኮሚቴው ለጥገና መዋጮ ሲጠይቅ ምድር ላይ ያለው ባለቤት «እኔ ቤት አያፈስም፣ ምን አገባኝ?» ይላል። ወር ሳይሞላ የፍሳሽ መስመሩ ይደፈንና ቆሻሻው በዚያው ሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ይገነፍላል። ያን ጊዜ ደግሞ ዝም የሚለው የላይኛው ነው።

ሕጉ ለዚህ ጭቅጭቅ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የወጣው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በስፋት ከመጀመሩ በፊት ነው። ቤት የገዛ ሰው ከበሩ ወዲያ ያለውን ክፍል ብቻ አልገዛም፤ ከጋራ መጠቀሚያው ከቤቱ ጋር የማይነጣጠል ድርሻም ገዝቷል። ጣሪያው፣ መሠረቱ፣ ደረጃውና የጋራ መስመሮቹ የሁሉም ናቸው። እነዚህን የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር የሕግ ሰውነት አለው፤ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል።

ታዲያ ሕጉ እያለ የግቢው የውሃ ፓምፕ ለምን ወራት ተበላሽቶ ይቆማል? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ኮሚቴው ስለበላው» የሚል ነው። የሚበላ ኮሚቴ የለም አልልም። ግን ከሥራ ውሎ መጥቶ፣ ያለ ደመወዝ፣ ማታ የጥበቃ ደመወዝ የሚያሰላና ሮቶ የሚያሳጥብ ሰውም በየብሎኩ አለ። እሱንም ሌባውንም በአንድ ዓይን እንድናይ ያደረገን የደረሰኝ አለመኖር ነው። ሰብሳቢው ገንዘቡን በራሱ የባንክ ሒሳብ ከተቀበለ ንጹሕነቱን በምን ያስረዳል? በማኅበሩ ስም የተከፈተ፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብና በየሦስት ወሩ ደረጃው ሥር የሚለጠፍ የገቢና ወጪ ዝርዝር ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ኮሚቴውን ራሱን ነው።

አባላትም ዘንድ ያለው ጥፋት ቀላል አይደለም። «ሒሳቡን ካላየሁ አልከፍልም» የሚል አባል ጥያቄው ትክክል ነው፤ እርምጃው ግን አይደለም። የያዘው ገንዘብ የሚጎዳው ኮሚቴውን ሳይሆን በጀሪካን ውሃ ይዛ አራት ፎቅ የምትወጣውን ጎረቤቱን ነው። ስለዚህ ይክፈል፣ ደረሰኝ ይቀበል፣ ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ ይጠይቅ፤ ካላሳመኑት መሪዎቹን በድምፅ ያውርድ። በአንጻሩ መዋጮ ያልከፈለን ሰው ውሃ መቁረጥ ወይም ስሙን በር ላይ መለጠፍ የኮሚቴ ሥልጣን አይደለም። የውሃ ፍጆታውን ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣኑ የሚከፍል ሰው የማኅበር ዕዳ ስላለበት ሊጠማ አይገባም። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት የተሰጠው ዕዳውን በሕግ እንዲጠይቅ ነው።

ከሁሉ የከበደው ችግር ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚኖረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው። ጀሞም ሆነ የካ አባዶ ዕጣ ከደረሳቸው ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ሌላ ሰፈር ይኖራሉ፤ ዐረብ አገርና አሜሪካ ሆነው ቤታቸውን በውክልና የሚያስተዳድሩም አሉ። ድምፅ ያለው ሰው ጠረኑ አይደርሰውም፤ የሚሸተው ሰው ድምፅ የለውም። ጉባኤ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም፤ ለሌላ እሑድ ይቀጠራል፤ ያም አይሞላም፤ በመጨረሻ የተገኙት ጥቂት ሰዎች የሁሉንም ይወስናሉ። ከዓመት ዓመት የሚቀጥል ኮሚቴ በአብዛኛው ሥልጣን የሙጥኝ ብሎ አይደለም፤ የሚተካው ስለጠፋ ነው።

እድር ይህ ችግር ብዙም የለበትም፤ የሚያዋጣው፣ የሚሰበሰበውና ድንኳኑ የሚተከልለት ያው አንድ ሰው ነው። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ሦስቱን ለያይቶ ለተለያየ ሰው ሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ ውሳኔዎቹን መለየት ያስፈልጋል። ሕንፃውን ቀለም ማስቀባት፣ ጣሪያ መቀየር፣ የጋራ ቦታ ለንግድ ማከራየት የንብረት ጉዳይ ስለሆነ የባለቤቶች ድምፅ ይበቃዋል። የቆሻሻ ማውጫ ቀን፣ የጥበቃ አሠራር፣ የምሽት ጩኸት፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃው (ኮሚናሉ) በበዓል ለእርድና ለሠርግ ለማን በስንት ሰዓት ይሰጥ የሚለው ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ተከራይ ቢያንስ ሐሳቡ የሚደመጥበት መቀመጫ በመተዳደሪያ ደንቡ ሊሰጠው ይገባል። «ነገ ለሚሄድ ሰው?» የሚሉ አሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን የኪራይ ውል በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው እንግዳ አይደለም።

ይኸው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። አከራይና ተከራይ ለፊርማ ሲቀርቡ የሚጨምሩት አንድ አንቀጽ ብዙ ጠብ ያስቀራል፦ ወርኃዊ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ማን ይክፈል፣ የጣሪያና የፓምፕ ጥገና በማን ላይ ይውደቅ፣ ባለቤቱ ጉባኤ ላይ ካልተገኘስ የውክልና ወረቀቱን ለማን ይስጥ።