ወተት ጠጥቶ ቲነር መማግ

ታክሲ ውስጥ የሚለጠፈውን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ወንድማችን…» ይላል፡፡ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፡፡ ኪሳችንን ዳበስ እናደርጋለን፣ ያለችንን እንሰጣለን፣ «እግዜር ይማረው» ብለን እንወርዳለን፡፡ ደጎች ነን፡፡ ግን አንድ ነገር ጠይቀን እናውቃለን? ይኼ ሰው ሥራው ምን ነበር?

የዛሬው ጠባችን ከዚህ ዝምታ ጋር ነው፡፡

እስቲ ወደ አንዱ ጋራዥ ጎራ በሉ፡፡ አቧራ ቀለሙን እንዳያበላሸው ተብሎ በሩ ተዘግቷል፡፡ አንድ ጎረምሳ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ መኪና ይረጫል፡፡ ሲጨርስ እጁን በቲነር ይታጠባል፡፡ ጫማ ሰሪዎቹ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ የማስቲሹ ክዳን እንደተከፈተ ይውላል፡፡ ማተሚያ ቤት ግቡ፤ ሮለሩ የሚወለወለው በቤንዚን ነው፡፡ እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች «የኅትመት ሽታ» እያልን የምንናፍቀው እሱን ነው! ሠራተኛው «ጋሼ፣ ራሴን አዞረኝ» ሲል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ወተት ጠጣበት!»

ወተት! የቲነር ትነት የሚገባው በሳንባ ነው፣ ፈሳሹ በቆዳም ይገባል፡፡ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፡፡ የት ተገናኝተው ነው አንዱ ሌላውን የሚያጥበው? ትነቱ በቀጥታ ወደ ደም ያልፋል፤ ደሙን ሌት ተቀን የሚያጣሩት ደግሞ ኩላሊቶች ናቸው፡፡ ጨርቁም የቀለም ብናኝ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ትነት አያቆምም፡፡ በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ማስክም እንደዚያው፡፡ ትነት የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው፡፡

«አታጋንኑ፤ ኩላሊት የሚያደክመው ስኳርና ደም ግፊት ነው» የሚሉን አሉ፡፡ ልክ ናቸው፤ ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው፡፡ ግን ቀዳሚ ማለት ብቸኛ ማለት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት የኩላሊታቸው ማጣሪያ የተቆጣ 338 ሕሙማንን ታሪክ መርምሮ ነበር፡፡ በሥራቸው ለእነዚህ ማሟሟቻዎች የተጋለጡት በሽታቸው ወደ መጨረሻው ደረጃ የመድረስ አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ፡፡ ትራይክሎሮኢትሊን የሚባለውን የብረት ቅባት ማጽጃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የኩላሊት ካንሰር አምጪ ብሎ ፈርጆታል፡፡ አሜሪካ በ2024 መጨረሻ ልታግደው የወሰነችው ወተት ስላጣች ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፡፡ እዚህ ግን የሚደብቀው በሽተኛው አይደለም፡፡ ኩላሊት አብዛኛው አቅሙ እስኪያልቅ ድምፁን አያሰማም፡፡ አሠሪው ዝም፣ ተቆጣጣሪው ዝም፣ እኛም ዝም፡፡

ሕግ ጠፍቶ ነው? አይደለም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋው እንዲያስረዳ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል፡፡ «የጽሑፍ ውል የለህም» ማለትም አያዋጣም፤ አዋጁ በቃል የተገባን የሥራ ውል ዋጋ አያሳጣም፡፡

እና ምን ይደረግ? በሩ ይከፈት ወይም አየር የሚስብ ማራገቢያ ይገጠም፡፡ ትክክለኛው ማስክና ጓንት ይገዛ፣ ማጣሪያው በጊዜው ይቀየር፡፡ እጅ በቲነር መታጠብ ይቅር፤ ሳሙና አለ፡፡ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየው ቀላል ምርመራ በየጊዜው ይደረግ፡፡ ሐኪሞቻችንም «ምንህን ያምሃል?» ካሉ በኋላ «ሥራህስ ምንድን ነው?» ይበሉልን፡፡

ይህ ሁሉ ወጪ ነው ለሚሉን፣ እጥበት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ወደ 4 ሰዓት ማሽን ላይ መታሰር፣ ዕድሜ ልክ ወይም ንቅለ ተከላ እስኪገኝ ድረስ ነው፡፡ የቱ ይረክሳል? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ሒሳብ ያውቁ ነበር፡፡

የሚቀጥለው ፎቶ ታክሲው ውስጥ ሲለጠፍ መስጠታችንን አንተው፡፡ ጥያቄውንም ግን አንተው፤ ሥራው ምን ነበር? ማነውስ ወተት ጠጣበት ያለው?