እጅን ከመውቀስ በፊት እጀታውን መለካት

የፖሊስ ዜና የማያነብ የጋዜጠኝነት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ዜናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ ከዚህን ያህል ጥይት ጋር ተያዘ ይልና ነጥብ ያስቀምጣል። የመሣሪያው ስም አለ፣ የጥይቱ ብዛት አለ፣ የተያዘበት ቀበሌም አይቀርም። በአንደኛ ዓመት የተማርናቸው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚሉት ጥያቄዎች በሙሉ ተመልሰዋል። ሽጉጥ የሚያውቁ ሰዎች ከሁሉ የሚያስቀድሟት አንዲት ጥያቄ ግን በየትኛውም ዜና ውስጥ አትገኝም። ያ እጀታ የተሠራው ለየትኛው እጅ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የወታደርና የመሣሪያ ነጋዴ ጉዳይ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን የብዙ እህቶቻችን የእንጀራ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ቀስ እያልኩ ላስረዳ።

በአገራችን ሽጉጥ የሚመረጠው በስሙ ነው። «ማካሮቭ አለው»፣ «ስታር ታጥቋል» ሲባል ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። ማካሮቭ በእ.ኤ.አ. 1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ሽጉጥ ነው፣ ስታር ደግሞ የስፔን ሥራ ነው። ሁለቱም የተሠሩት የኛ ሰው እጅ ተለክቶ አይደለም። ከዚያም በላይ ሽጉጥ በታሪካችን ስጦታና ማዕረግ ሆኖ ነው የኖረው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። እንግዲህ ስጦታ ልኩ አይጠየቅም፣ ውርስም እንደዚያው። አባት ለልጁ ሲያወርስ «እስቲ ጨብጠው፣ ጣትህ ምላጩ ላይ ይደርሳል?» የሚል የለም። የሚገርመው ታዲያ ጫማ ስንገዛ ሦስት አራት ጊዜ ሞክረን፣ ተራምደን፣ «ጠበበኝ፣ ቀይርልኝ» የምንል ሰዎች መሆናችን ነው።

ለነገሩ ዕቃን በእጅ ልክ መምረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ የሮቤ ልጅ ነኝ። ለዚያራ ወደ ዲሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ሰዎች ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ በትር ይዘው ይጓዛሉ፣ «ኡሌ ሼክ ሁሴን» ይባላል። በሮቤም ሆነ በጎባ ገበያ በትር የሚመርጥ ሰው አይታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይጨብጠዋል፣ ያመዛዝነዋል፣ መሬት ላይ ተክሎ ይደገፈዋል፣ ካልተመቸው መልሶ ያስቀምጠዋል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሙሽራይቱ ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄም ቀጭን በትር ነው። ሴት ልጅ መብቷ ሲነካ ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ ወንዱ ሁሉ ቆሞ ያከብራታል። የሲንቄ ክብር በውፍረቱ አይደለም። ይህን ያህል ጥበብ ያለው ሕዝብ እንዴት ሽጉጥ ላይ ሲደርስ «የተሰጠህን ያዝ» ይላል?

አሁን ወደ አለካኩ ልምጣ። ምን ማለት መሰላችሁ፣ ሳይንሱ ከባድ አይደለም። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ካዝናው ወጥቶ፣ አፈሙዙ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ዞሮ፣ ፈቃድ ባለው አሠልጣኝ ፊት የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በመጀመሪያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው የእጅ ክፍል ከእጀታው ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቀጥሎ አፈሙዙና ክንድ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ መሆናቸው ይታያል። ከዚያ ሌባ ጣት ተዘርግቶ ምላጩ ላይ ሲያርፍ፣ የጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋማ ክፍል መሃሉ ላይ መዋል አለበት። ሦስቱ ሌሎች ጣቶች እጀታውን ዞረው ሲይዙ ትንሿም ጣት ቦታ ማግኘቷ ይታያል። እነዚህ ሁሉ እጁ ሳይጠማዘዝ ከተሟሉ ሽጉጡ ለዚያ እጅ ልክ ነው።

ካልተሟሉስ? እጀታው ከእጅ ሲበልጥ ምላጩን የሚነካው የጣት ጫፍ ብቻ ይሆናል፣ ስለዚህ ምላጩ ቀጥ ብሎ በመሳብ ፈንታ ወደ ጎን ይገፋል። ተኳሹ ጣቱን ለማድረስ ሲል እጁን ወደ ጎን ያዞራል፣ አፈሙዙም ከክንዱ መስመር ይወጣል። ያኔ ሽጉጡ ሲራገጥ ግፊቱ በአውራ ጣት ሥር ያርፋል እንጂ በክንድ አይመለስም። አያያዙ ሲላላ ደግሞ ብዙ አውቶማቲክ ሽጉጦች ቀለሃውን በትክክል ሳይተፉ ይነክሳሉ። እጀታው ከእጅ ሲያንስም ችግር አለ፣ ጣት ከልክ በላይ ገብቶ ምላጩን ወደ ሌላው ጎን ይጎትታል፣ ትንሿም ጣት አየር ላይ ትንጠለጠላለች። በሁለቱም መንገድ ጥይቱ ካልታሰበበት ቦታ ያርፋል። የፖሊስ ጥይት ደግሞ ካልታሰበበት ቦታ ሲያርፍ እዚያ የቆመ ሰው ሊኖር ይችላል።

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የፖሊስ ሥልጠና ገብታ ነበር፣ የት እንደሆነ መጥቀሱ አያስፈልግም። ሩጫው አልከበዳትም፣ የሕግ ትምህርቱንም ከብዙዎቹ በልጣ ነው ያለፈችው። የሽጉጥ ተኩስ ላይ ስትደርስ ግን ጥይቶቿ ሁሉ በዒላማው አንድ ጎን ይከመሩ ጀመር። አሠልጣኟ «ፈሪ ነሽ፣ እጅሽም ደካማ ነው» አላት። እሷም አምና ማታ ማታ የጎማ ኳስ ስትጨምቅ ከረመች። ጥይቶቹ ግን እዚያው ጎን። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ፖሊስ ዒላማውን ትቶ እጇን ተመለከተ። ሌባ ጣቷ ምላጩን የሚነካው በጫፉ ብቻ ነበር። እጀታው ቀጠን ያለ ሌላ ሽጉጥ አስያዛት፣ በዚያው ሳምንት አለፈች። ልብ በሉ፣ ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተከምረው ነበር። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ወዲያና ወዲህ በተበተኑ ነበር። ዒላማው እውነቱን እየተናገረ አንባቢ ነው ያጣው። ያ አንጋፋ ሰው በዚያን ቀን ባይኖር ኖሮ «እጇ ደካማ» ተብላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

የሴቶች እጅ በአማካይ ከወንዶች ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ልክ ብቻ ያለው እጀታ ለሁሉ ሲታደል ሳይነገር የተደረገ ምርጫ አለ። ጉዳዩ የሴቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እጁ ትንሽ የሆነ ወንድም ሞልቷል።

ሌላው ዓለም ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ ጦር በእ.ኤ.አ. 1985 ኤም 9 የተባለውን የቤሬታ ሽጉጥ ተቀበለ። አሥራ አምስት ጥይት በሁለት ረድፍ የሚይዝ በመሆኑ እጀታው ወፍራም ነው፣ እጃቸው ትንሽ የሆነ ወታደሮች ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል። በእ.ኤ.አ. 2017 የመረጡት ኤም 17 ግን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እጀታ እየተቀያየረለት የሚሠራ ነው። ግሎክም በእ.ኤ.አ. 2010 ባወጣው አራተኛ ትውልድ የእጀታውን ጀርባ በሚቀያየር አድርጎታል። በኦሎምፒክ የሚወዳደሩ ተኳሾች ደግሞ በእጃቸው ቅርጽ የተጠረበ የእንጨት እጀታ ይጠቀማሉ። የዓለም ምርጥ ተኳሽ እጀታውን ለእጁ ካስጠረበ፣ የአንድ ወር ሠልጣኝ ለምን እጇን ለእጀታው እንድትጠርብ ይጠበቃል?

«እኛ ድሃ አገር ነን፣ ለእያንዳንዱ እጅ ሽጉጥ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አዲስ ሽጉጥ ግዙ ያለ የለም። ማካሮቭን ውሰዱ። ጥይቱን በአንድ ረድፍ ስለሚይዝ ከነኤም 9 የቀጠነ ነው፣ እጀታውም ከኋላው ባለ አንድ ብሎን ብቻ የታሠረ ነው። ቀጠን ያለ እጀታ ለመቀየር የሚያስፈልገው መፍቻና ትንሽ ትዕግሥት ነው። «ልምምድ ሁሉን ያስተካክላል» የሚሉም አሉ። ልምምድ ጣትን አያስረዝምም። እንዲያውም በማይመጥን እጀታ አብዝቶ መለማመድ የተጣመመውን አያያዝ ማጽናት ነው። «ሴቶቹ እንዲያልፉ መስፈርቱ ዝቅ ይበል ማለትህ ነው?» ለሚለኝም መልሴ አይደለም ነው። ዒላማው ያው፣ ርቀቱ ያው፣ ነጥቡም ያው ይሁን። እጀታው ብቻ ይለካ።

ደግሞም ስለ ሽጉጥ መጻፍ ሽጉጥ ማወደስ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ በእኔ እምነትም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ በሕግ የሚይዝ ሰው እስካለ ድረስ ያ ሰው የሚተኩሰውን የሚቆጣጠር መሆን አለበት። የማይመጥን እጀታ የያዘ ፖሊስ ለራሱም ለእኛም አደጋ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሠልጣኝ በገባ ቀን ቁመቱና ክብደቱ እንደሚመዘገብ የእጁም ልክ ይመዝገብ። ማሠልጠኛዎች ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓይነት እጀታ ይኑራቸው። ተኩስ ላይ የወደቀ ሠልጣኝ «ወደቀ» ተብሎ ከመጻፉ በፊት በሌላ እጀታ አንድ ጊዜ ይሞከር። ከሦስቱ አንዱም ትልቅ በጀት አይፈልግም።

እኛም የድርሻችንን እንውሰድ። ነገ ማይክሮፎን ይዘን የምረቃ ሰልፍ ለመዘገብ ስንላክ ከተመራቂዎቹ ስንቱ ሴቶች እንደሆኑ የሚገልጽ ቁጥር ይሰጠናል፣ ጽፈን እንመለሳለን። እስቲ ከዚያ ቁጥር ቀጥሎ፣ በተኩስ ምክንያት የተመለሱት ስንት ናቸው፣ የያዙት እጀታስ ለእጃቸው ልክ ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። መልስ የሚሰጠን ኃላፊ ግራ ቢጋባ አይግረመን፣ ጥያቄው አዲስ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።